ቀረጥ ቤቱ ለማን ይከራይ?

ሰኞ

ፊታውራሪ ዓለሙ ሳቁብኝ። በክፋት አይደለም፤ ግን ሳቁ።

«እርጉዝ ሴት ቤት የላትም እንዴ?» አሉኝ።

«ቤትማ አላት፤ ቤቷ ግን ጉንደ ወይን ነው፤ አዋላጇ እኔ ያለሁት ቢቸና ነው» አልኳቸው።

ከክሊኒካችን አጠገብ ያለው የድሮው ቀረጥ ቤት ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ከለቀቁት ወዲህ ባዶውን ቆሟል። ንብረቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የሚያከራየው የከተማው ምክር ቤት፣ ሰብሳቢው ፊታውራሪ። የጠየቅሁት ከሩቅ የሚመጡ እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ እንዲያርፉበት ነው። ሞጣ ስሠራ ቃሬዛ ላይ እንዳለች የሞተችውን ሴት ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

መጥፎው ወሬ፦ ቆዳ ነጋዴው አቶ ፈንቴም ቤቱን ለመጋዘን ጠይቀዋል። እሳቸው ደህና ኪራይ ይከፍላሉ። እኔ ምን አለኝ? አፌ ብቻ።

ማክሰኞ

የምክር ቤቱን አባላት በየቤታቸው ስዞር ዋልኩ። መምሬ ይትባረክ ዘንድ ስደርስ ገና «የወሊድ ነገር ነው» ከማለቴ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቀሉ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ከክርስትናው ወዲህ ያለውን ነው» አሉ።

ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «እኔ ከዚያ በፊት ያለውን አውቀዋለሁ! ስጧት!» ብለው ጮኹ። ሳቄን ዋጥኩት።

ስመለስ አቶ ፈንቴ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«እህት ዓለም፣ ቆዳ እኮ አያምጥም፤ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥ።»

«ግን ይሸታል» አልኳቸው።

«ገንዘቡም ይሸታል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን አፍንጫውን ሲይዝ አይቼ አላውቅም።»

አሳቁኝ፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ

ስብሰባ። የምክር ቤቱ ሽማግሌዎች ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተደርድረው፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ። በአቶ ፈንቴ ኪራይ የከተማውን ምንጭ ዙሪያ እናጥርበታለን አሉ፤ ከብት እየገባ ውሃውን ያደፈርሰዋል። እውነት ነው፤ እኔም የምጠጣው እሱን ነው። ምን ልበል? «የምትሞት እናት ውሃ አትጠጣም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ።

አልወሰኑም። ነገ ቤቱን አይተው ነው።

ሐሙስ



ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጡ፤ አቶ ፈንቴም አብረው። ገና ግድግዳውን በዱላ እየመቱ ሳሉ ከጉንደ ወይን በኩል ቃሬዛ ደረሰ። ጥሩዬ ትባላለች፤ የበኩር ልጇ ነው፤ ስታምጥ አድራለች። እናቷ ከኋላ ያለከልካሉ። የክሊኒኩ አልጋ ሁሉ በተስቦ ሕሙማን ተይዟል። ከነሱ ጋር እንዴት ላስተኛት?

«እዚሁ አስገቧት!» አልኩ። ከዚያ ወደ ፊታውራሪ ዞሬ፣ «ይውጡልኝ!» እኔ! ፊታውራሪን! ወጡ።

አቶ ፈንቴ አዲሱን ጋቢያቸውን በመስኮት ወረወሩልን። ከደጅ «ማርያም፣ ማርያም» የሚል የወንዶች ድምፅ ይሰማኛል፤ ከሁሉም የመምሬ ይጎላል። ሕፃኗ እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁራ ወጣች። አላለቀሰችም። ፈታሁላት፣ አፏን ጠረግሁ፣ ጀርባዋን አሸሁ። አሁንም ዝም።

ከዚያ ጮኸች። እሰይ የኔ እናት!

የጥሩዬ እናት ሕፃኗን ታቅፈው ሲያለቅሱ እልል ማለቱን ረሱት። በደጅ ያሉት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ እልልታውን ሽማግሌዎቹ ሞከሩት። እንዲያ ያለ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም፤ የፊታውራሪ በቅሎ በርግጋ ገመዷን በጠሰች።

አርብ

ስብሰባው ላይ አቶ ፈንቴ ቀድመው ተነሡ። «ማርያም የገባችበት ቤት ቆዳ አላስገባም። ጥያቄዬን ትቻለሁ» አሉ።

ፊታውራሪ ግን አሁንም ምንጩ አሳስቧቸዋል። ሲከራከሩ ሲከራከሩ ውለው እንዲህ ወሰኑ፦ ቤቱ ለስሙ ያህል ኪራይ ለክሊኒኩ ይሰጥ፤ ጣሪያውን ክሊኒኩ ይጠግን፤ የምንጩን አጥር የከተማው ሰው በደቦ ይጠር። ለአንድ ዓመት ብቻ! እኔ ለዘለዓለም ነበር የፈለግሁት። ቁልፉን ግን ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰኞ እኔም አጥር አጥራለሁ ማለት ነው። ይሁን።

ቅዳሜ

ከገበያተኛ ሰምተው ሁለት ሴቶች መጡ! አንዷ «አልጋ ላይ ተኝቼ ብወድቅስ?» ብላ መሬት አንጥፋለች። የመምሬ ባለቤት አጥሚት ይዘው መጥተው፣ ከገቡ ወዲህ መውጣት እንቢ ብለዋል፤ የራሳቸውን ሰባት ወሊድ እያወሩ ሴቶቹን ያስቃሉ፣ ያስፈራራሉ።

ክረምት ሲገባ በዚያ ጭቃ ማን ይመጣል? ባይመጡ ምክር ቤቱ ቤቱን መልሶ ይወስደው ይሆን? አላውቅም።

ሁለተኛዋ ወገቧን ይዛ ከግድግዳ ግድግዳ ትንጎራደዳለች። «ቀንሽ ገና ነው» ብያት ነበር። ሳልሳሳት አልቀረሁም። እየጠሩኝ ነው።