ሰባተኛው መጣፊያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የሂሳብ ፈተና። እንደ ነገሩ ሠራሁ። ቤት ስገባ የእህቴ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ። ከሞተች ሦስት ወር ሊሞላት ነው፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። እማዬ ፊቴን ሳታይ፣ አቧራ ከሚበላው ተጠቀምበት ብላኝ ወጣች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
የይለፍ ቃሉን በሦስተኛው ሙከራ አገኘሁት። "ድንቡሼ"። እኔን ማለቷ ነው። በዚህ ስም ስንቴ ተጣልተናል...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ቅዳሜ ቅዳሜ ተጎልታ የምትውለው ለካ ለዚህ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በነፃ ከሚያሰናዱት ሰዎች አንዷ ነበረች። የእሷ ድርሻ አንድ ፓኬጅ፦ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም። አዲስ እትም ሲወጣ አስተካክላ ለተጠቃሚው ታደርሳለች። ውስጠኛው ኮምፒውተር ግን የሌላ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ መሆኑን ያውቅ ይሆን?
ከእነዚሁ ሰዎች ደብዳቤ መጥቶላታል። ጠባቂው እስከ ኅዳር 1 ካላደሰው ፓኬጁ ይሰረዛል። "ጠባቂ" ከሚለው ጎን የእሷ ስም። ምን ብላ ትመልስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
መለስኩላቸው። "እህቴ ሞታለች። እኔ ልሞክር?" ለዚህች አንድ ሰዓት ፈጀሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ከእነሱ አንዱ፣ ጉጉት የሚባል ሰው ጻፈልኝ። ከእህቴ ጋር አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ ተያይተው ግን አያውቁም። አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳኝ። "ስትሳሳት ማሽኑ ይሰድብሃል። አትቀየመው ወንድሜ፣ ያልሰደበው የለም።"

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ሲሰድበኝ ዋለ።
እህቴ ሰባት መጣፊያዎች አሏት። የፕሮግራሙን ስህተት የምታርምባቸው ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። ስድስቱ አዲሱ እትም ላይ ገቡ። ሰባተኛው እምቢ አለ። አናቱ ላይ ጽፋለች፦ "ይህን እንዳትነኩ። ያለ እሱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም።"
አልነካሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ጉጉት ሰባተኛውን አጥፋው አለኝ። በቃ፣ አጥፋው! አልመለስኩለትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23
ቆይ ግን... ለምን እምቢ አለ? አምና ይገባ አልነበር?
አዲሱን እትምና የእሷን ፋይል ጎን ለጎን ከፈትኩ። መስመር በመስመር። እሷ የጨመረችው አሥራ አንድ መስመር ነው። አሥራ አንዱም እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጭ ብለዋል! የፕሮግራሙ ደራሲዎች ተቀብለዋታል። መጣፊያው የማይገባው ቀድሞ ስለገባ ነው።
እማዬን ጠራኋት። እንደምንም አስረዳኋት። ሰማችኝና፣
"ታዲያ ይህን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ጋ አለች ማለት ነው?"
"አዎ።"
"እስቲ የትኛው ነው፣ አሳየኝ።"
መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። ከላይ እስከ ታች።
ለጉጉት ይቅርታ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29
በእማዬ አሮጌ ኮምፒውተር ሞከርኩት። እያቃሰተ ተነሳ።
ሰባተኛውን አጠፋሁ። ምክንያት መጻፍ ግድ ነው። "አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቷል" አልኩ። ጉጉት አይቶ አሳለፈው። የለውጦቹ መዝገብ ላይ አዲሱ ከላይ ነው የሚጻፈው፦ የእኔ ስም፣ ከሥሩ የእሷ፣ ከዚያ እስከ ታች ድረስ የእሷ፣ የእሷ፣ የእሷ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብዳቤ። "ለጠባቂው" ይላል። ውስጠኛው ኮምፒውተር ላይ የማውሱ ቀስት ይጠፋብኛል የሚል ሰው ነው። እኔም ጋ ሞከርኩት። እውነቱን ነው፣ ጥፍት! የት ነው የሚሄደው?
መጣፊያ ሳይፈልግ አይቀርም። ባዶ ፋይል ከፈትኩና ቁጥር ሰጠሁት። ሰባት።