የተዘቀዘቀው ነጠላ

ማክሰኞ

ፅጌ የቤቱን ሰሃን ሁሉ ቀለም ማደባለቂያ አድርጋዋለች። ዛሬም ሽሮዬን በድስት ክዳን በላሁ። ክዳን ደግሞ አይረጋም፣ ይንከባለላል። ለቀበሌ አቤት እንዳልል የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው ከእኔ ጋር ነው።

ለነገሩ ይቅር ብያታለሁ። ሥዕሏ ተመርጧል! ባሕር ተሻግሮ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በኤግዚቢሽን ሊታይ ነው። የሁሉንም ሥዕሎች ፍሬምና ሳጥን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ግቢዬ ሞልቷል። ፅጌ የሣለችው ጎረቤታችንን፣ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች የምትሸጠውን እትዬ ዘነቡን ነው።

"ያለ ፓስፖርት ባሕር ልትሻገሪ ነው" አልኳት እትዬ ዘነቡን።

"ተው አንተ ሰውዬ! እንጨቴን ማን ሊሸከምልኝ?"

ረቡዕ

የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ግቢዬ ድረስ መጣ። ሊቀ መንበሩ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። "ሥዕል አምባሳደር ነው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያን መልክ ይዞ ይሄዳል" አለ። የእትዬ ዘነቡ ሥዕል ጋ ሲደርስ ቆመ። የነጠላዋ ጥለት አንገቷ ላይ ነው። እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳዋለች።

"ይህች ሴት ለማን ነው ያዘነችው?"

ፅጌ አመድ መሰለች። እኔ አላስችል አለኝ። "ለኢምፔሪያሊዝም ነው ጓድ። ሊሞት ነው ሲባል ሰምታ።"

ማንም አልሳቀም። አንዱን ብቻ ሳል ያዘው።

"የውጭ ሰው ባያውቀው እኛ እናውቀዋለን" አለ ሊቀ መንበሩ። " ለወዳጅ አገር ሐዘን አንልክም። እስከ ዓርብ ይስተካከል፤ አለዚያ ሠዓሊዋ መልስ ትሰጥበታለች።"

መልሱ የት እንደሚሰጥ እናውቃለን። ሲሄዱ ፅጌ "ጋሼ፣ ቀልድህ አንድ ቀን ያስበላናል" አለችኝ።

ሐሙስ

ፅጌ ሥዕሉን አልነካውም አለች። እትዬ ዘነቡ አንድ ልጇን አምና ወሰዱባት። ልብሱን መለሱላት፤ ማልቀስ ግን ክልክል ነው ተባለች። በመንገድ ነጠላዋን እንደ ማንም ትለብሳለች። እኛ ቤት ገብታ በሩ ሲዘጋ ታዘቀዝቀዋለች። ፅጌ የሣለቻት እንዲያ ሆና ነው። ሌላ ልቅሶ አልነበራትም።

ሄጄ ለእትዬ ዘነቡ ነገርኳት። መጥታ ፅጌ አጠገብ ተቀመጠች። "ገልብጪው ልጄ። አንቺንም እንዳይወስዱብኝ።"

ፅጌ እያለቀሰች ጥለቱን ከአንገቷ አጥፍታ ከታች ሣለችው። ሥዕሉ አማረ። ጠላሁት።

ከዚያ ሰይጣኔ መጣ። "እትዬ፣ ከጥለትሽ ትንሽ ቁራጭ ስጪኝ።" ቀደደችልኝ። ከሸራው ጀርባ አድርጌ በስስ ጣውላ ሸፈንኩት፤ በምስማር መታሁት።

"ይኸው፣ አሁን እውነተኛዋ ትሄጃለሽ" ስላት ሳቀች። ልጇ ከተወሰደ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ

ሥዕሎቹን አዳራሹ አደረስኩ። ሊቀ መንበሩ ነጠላውን አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ተገላገልኩ ስል ፍሬሙን ገለበጠው። የሌሎቹ ጀርባ ክፍት ነው፤ ጣውላ ያለው የእሷ ብቻ። እኔ ቂሉ! ሁሉንም ብሸፍናቸው ምን ነበረበት?

"ይህ ለምን ተሸፈነ?"

"ብርድ እንዳይመታት ነው ጓድ።"

"መዶሻዎን ይተዉልኝና ይሂዱ።"

ዝናብ እየደበደበኝ በእግሬ ተመለስኩ። ለፅጌ ስነግራት አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ፅጌን ቀጨኔ ዘመድ ቤት ልላካት ብል እምቢ አለች። "ሲመጡ አንተን ብቻ እንዲያገኙ?" እትዬ ዘነቡም እንጨቷን ትታ ከእኛ ጋር ዋለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሊቀ መንበሩ ነው፤ ብቻውን፣ በዝናብ ርሶ፣ መዶሻዬን ይዞ።

በትከሻዬ በኩል እትዬ ዘነቡን አያት። ነጠላዋን ለማስተካከል ጊዜ አላገኘችም። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው፤ የተቀደደው ቦታ ፊት ለፊት ይታያል።

"ምስማሩ ላልቶ ነበር" አለኝ መዶሻውን እያቀበለኝ። "አጥብቄ መትቼዋለሁ። ሥዕሉ ዛሬ ጠዋት ተጭኗል።"

መዶሻዬን ተቀብዬ ከበሩ ገለል አልኩ። እሱ ወደ እትዬ ዘነቡ ጎንበስ ብሎ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ "እግዜር ያጽናዎት" አላትና ሄደ።

አሁን እያለቀሰች ነው። በሩን ዘግቼ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌዋለሁ።