አየር የተዘጋበት ጎሚስታ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20። ማታ 1 ሰዓት

ግፊት ጠዋት 142/88። አሁን 161/97። ክኒን ተውጧል። ዛሬ ከቁጥሩ ሌላ የምነግርህ አለ፣ ደብተሬ። ዘይነባ ገዝታ ያመጣችህ የደም ግፊቴን ብቻ እንድጽፍብህ ነበር። ሚስቴ የአዛውንት መጦሪያ ቤት ስለምትሠራ እኔንም እንደ በሽተኞቿ ነው የምታየኝ። እኔ ግን ወሬ ካልጨመርኩበት ቁጥር አይሆንልኝም።

ሁለት ሰው ኤርፖርት አድርሼ፣ እንደ ልማዴ አትላንታ ዳር ወዳለችው ታከር። ጎሚስታው ጋ። ሺርዋን እና አቡ ሐይደር ዘጠኝ ዓመት አብረው የተከራዩት ነው። ሁለቱም ኢራቃውያን፤ ሺርዋን የሱለይማኒያ ኩርድ፣ አቡ ሐይደር የባስራ ዓረብ። ሁለት መኪና የሚያስገባ ቤት፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ። አትላንታ በመጣሁ በዓመቱ ጎማ ተንፍሶብኝ ገባሁ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም። ጅዳ በሾፌርነት የለመድኩት ዓረብኛ የጠቀመኝ እዚህ ነው። ልጄ ነጃት ስለምትባል አቡ ነጃት ይሉኛል። ሙሄ የምትለኝ ዘይነባ ብቻ ቀረች።

በዘጠኝ ዓመት የተጣሉበት ነገር ሄል ነው። አ.ሐ. ሻዩ ውስጥ ሄል ይጨምራል፣ ሺ. መድኃኒት አጠጣኸኝ ይላል። በቃ። ዛሬ ግን ነገሩ ነዳጅ ሆነ።

የአ.ሐ. ስልክ ላይ ዜና። ኩርዶቹ በሰሜን የራሳቸው አስተዳደር አላቸው። ከምድራቸው የሚወጣውን ነዳጅ ባግዳድን ሳያስፈቅዱ ለዓመታት በቱርክ በኩል ሲሸጡ ኖረዋል። ባግዳድ ከሰሰች፣ ቧንቧው ተዘጋ፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ባግዳድ ነዳጁን አስረክቡና የሠራተኞቻችሁን ደሞዝ እልካለሁ ትላለች። ኩርዶቹ መጀመሪያ ደሞዙን ይላሉ። መሐል ላይ የቀረው ሠራተኛው ነው። የሺ. እህት አንዷ ናት፣ አስተማሪ። ደሞዝ ካየች ወራት ሆኗታል።

አ.ሐ. ያስረክቡና ይውሰዱ አለ። ሺ. እህቴ የምታስረክበው በርሜል የላትም፣ ልጆች ነው ያስተማረችው አለ። አ.ሐ. ከወንበሩ ተነሳ። የባስራ ነዳጅ አገሩን ሁሉ ይቀልባል፤ የሱ እናት ግን ከጣራዋ ላይ የነዳጁን እሳት እያየች የምትጠጣውን ውሃ ከቦቴ ትገዛለች፣ የቧንቧው ጨው ነው አለ። እውነቱን ነው። ሺ.ም እውነቱን ነው። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! አ.ሐ. ግን በእንግሊዝኛ፣ ደንበኞች እየሰሙ፣ ለሌባ ደሞዝ የሚከፍል የለም አለ።

ሺ. ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ። መኪና ሥር ገባ። እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22። ጠዋት 4 ሰዓት

155/94። አይነጋገሩም።

ሺ. አሮጌ ጎማዎች በመሐላቸው ደርድሯል፣ እስከ ወገብ ድረስ። ድንበር መሆኑ ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፣ አብሮኝ የሳቀ የለም።

ኮምፕሬሰሩ የቆመው በአ.ሐ. ወገን ነው። የአየር ቱቦው በጎማዎቹ ላይ ተሻግሮ ወደ ሺ. ይሄዳል። አንዲት ሴትዮ ጎማ ልታስነፋ መጣች። ሺ. ቱቦውን ቢጫነው ቢጫነው ትንፍሽ የለም። አ.ሐ. ከወዲያ ዘግቶታል! ሺ. ምንም ሳይናገር የእጅ መንፊያ ፈልጎ አመጣና በዚህ ሙቀት በጉልበቱ ይነፋ ጀመር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ እኔን ታያለች። እኔ መሬት መሬት። አገራቸው ቧንቧ ቢዘጋጋ እነዚህ ምን ቤት ናቸው?

አርብ፣ ነሐሴ 23። ማታ

ግፊት ረሳሁ።

የሺ. ፒክአፕ ሚስቱ ጋ ስለነበረ ስኔልቪል፣ ቤቱ ድረስ አደረስኩት። መንገዱ ተጨናንቋል። ግማሽ መንገድ ላይ አለቀሰ። ሺርዋን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

እህቱ እናታቸው ያወረሰቻትን የወርቅ አምባሮች ሸጣለች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ሱቅ ተቀጥራለች። እሱ ከዚህ ልላክልሽ ቢላት፣ እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፣ ምጽዋት አልቀበልም ብላ ስልክ ዘጋችበት። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፣ አሁን ደግሞ እኔ። ለማንም፣ አቡ ነጃት፣ ለማንም አለኝ። ወላሂ አልኩት። እጄን ከመሪው አንስቼ ነው የማልኩት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1። ማታ 3 ሰዓት

138/86። ግፊቱም ወርዶልኛል፤ ደስ ብሎኛል ደብተሬ!

ሽምግልና ተቀመጥኩ። አባቴ ኮምቦልቻ አካባቢ ሸምጋይ ነበሩ። የሰው ክፉ ቃል እንዳለ ተሸክመው አይሄዱም፤ መንገድ ላይ ያለዝቡታል። ተቀያይመው አሥር ዓመት የከረሙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሌላው ቀድሞ የለመናቸው ይመስላቸውና ይታረቃሉ። እኔም እንደሳቸው አልኩ።

መጀመሪያ ሺ. ጋ። አ.ሐ. ተጸጽቷል አልኩት። ምላሴ ሳተ፣ እህትህ እህቴ ናት ይልሃል አልኩት። አ.ሐ. እንዲህ የሚል ነገር ከአፉ አልወጣም። ሺ. ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንዲህ አለ? አለ። አዎ አልኩ። ሳላመነታ!

ቀጥሎ አ.ሐ. ጋ። እሱ ድንጋይ ነው። እኔ የሰደብኩት መሪዎቹን ነው፣ እሱም ያውቃል፣ ይቅርታ የምለው የለኝም አለ። ለመንኩ። አልሆነም። ቃል አለቀብኝ። ያኔ የአምባሩን ነገር አወጣሁት። የልጅቷንም፣ ሁሉንም። አ.ሐ. ቸርኬ እየጠረገ ነበር፣ እጁ ቆመ። በዚያው ጨርቅ ዓይኑን ጠረገ፣ ፊቱ ጥቁር ሆነ። እኔ ውስጤ፣ አባቴ ባዩኝ ይላል።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3። ከሰዓት 9 ሰዓት

128/80! ዘይነባ መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ራሷ ደገመችው።

አየር ተከፍቷል። ጎማዎቹ አሁንም አሉ፣ ግን ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቶባቸዋል። አ.ሐ. ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይዞ በክፍተቱ ገባ። ሄል የለበትም። ሺ. ቀመሰ፣ ብርጭቆውን አየ፣ አ.ሐ.ን አየ። ሁለተኛ አስቀዳ። ስለ ጎማ ዋጋ አወሩ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አርብ፣ መስከረም 2። ማታ 4 ሰዓት

172/104። ሁለቴ ለካሁ። ያው ነው።

አ.ሐ. ልቡ ደግ ነው፣ ጥፋቱ ደግነቱ ነው። አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከጁምዓ ስመለስ ሁለቱም ቆመዋል። የሺ. መሣሪያ ሳጥን ላይ ፖስታ። ላዩ ላይ ለመምህርቷ የሚል ተጽፎበታል። ውስጡ ብር አለ፣ ስንት እንደሆነ አላየሁም። ሺ. ምንድነው ይላል። አ.ሐ. በደስታ፣ እንደ ልጅ፣ የእናትሽን አምባር አስመልሺበት በላት አለው።

አምባር ሲል ሺ. ወደ እሱ አላየም። ወደ እኔ ነው ያየው። ትክ ብሎ አየኝ።

ከዚያ ዞሮ አ.ሐ.ን ጠየቀው። ያን ቀን ምላሴ ሳተ ብለህ ስትልክብኝ ይህን ለምን አልነገርከኝም? አ.ሐ. ምን ላክሁ አለ። አልላክሁም አለ። ማንን ነው የላክሁት? አሁን ሁለቱም እኔን ያያሉ።

ላስረዳ ጀመርኩ። አገራችን እንዲህ ነው፣ ለበጎ ነው፣ አባቴም። ማንም አልሰማኝም። ሺ. ፖስታውን አንስቶ ጎማዎቹ ላይ አስቀመጠው፣ ከድንበሩ ጫፍ። እህቱ ከወንድሟ እንኳ ያልተቀበለችውን፣ ሌባ ካላት ሰው ተቀብሎ ሊሰጣት! አ.ሐ. ደግሞ፦

«አቡ ነጃት፣ የሌለኝን አፍ ሰጠኸኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ክፍተቱ ተዘግቷል። ሺ. ሁለት ጎማ አምጥቶ ደፈነው። ሻይ የለም።

እሑድ፣ መስከረም 4

አልለካሁም። ዘይነባ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። ሹራቧን እየሠራች ሰማችኝ።

«ሙሄ፣ ሴክሬት ነው ብሎህ አልነበር? ምለህለት አልነበር?»

አባቴን ሰበብ አደረግሁ። እሷ አባቴን በደንብ ታውቃቸዋለች፣ ለኛም ጋብቻ የተነጋገሩት እሳቸው ናቸው። አባባ መጥፎውን ቃል ነበር የሚያስቀሩት፣ የሰው ገመና አውጥተው አያውቁም አለችኝ። ደግሞም ብቻቸውን ሄደው አያውቁም፤ ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲይዘው። ይህን አውቅ ነበር። ብቻዬን የሄድኩት ብቻዬን እንድመሰገን ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

«ሚስቴክ አድርገሃል። ሂድና ሶሪ በለው። ኤክስፕሌይን አታድርግ።»

ነገ እላለሁ።

እሑድ፣ መስከረም 11

149/95። ነገ ያልኩት ሳምንት ሆነው። ሁለቴ ታከር ድረስ ሄጃለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ፓርክ አድርጌ ተመለስኩ።

ዛሬ አ.ሐ. ደወለ፤ ከዚያ አርብ ወዲህ የመጀመሪያው። ሺ. ናሽቪል ሊሄድ ነው። የአጎቱ ልጅ እዚያ ጋራዥ አለው፣ ኩርዱም ብዙ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ይጭናል። አ.ሐ. ይህን ነግሮኝ ስልኩን ዘጋ። ብቻውን ኪራዩን አይችለውም። ጎሚስታው አለቀለት። ዘጠኝ ዓመት ሻይ የጠጣሁበት ቤት በኔ አፍ ተዘጋ።

ሺ.ን ደወልኩለት። አላነሳም። ድጋሚ አልደወልኩም፤ ቢያነሳ ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ፈሪ!

ቅዳሜ፣ መስከረም 17። ጠዋት 3 ሰዓት

ዜናው መጣ። ባግዳድና ኩርዶቹ ተስማምተዋል፤ ነዳጁ ዛሬ ወደ ቱርክ መፍሰስ ጀምሯል። እስከ መቼ እንደሚቆይ እንጃ፣ ግን ተከፍቷል። ደሞዙም ይለቀቃል ይላሉ። አነበብኩት፣ ደገምኩት። እነዚያ ታረቁ። የኛዎቹ ነገ ይለያያሉ።

ጠዋት 5 ሰዓት

አ.ሐ. ቤቴ ድረስ መጣ። ሻይ አይቀምስም። ለሺ. ንገርልኝ ይላል። ቧንቧው በመከፈቱ እንኳን ደስ አለህ በልልኝ። ኮምፕሬሰሩን ጭነህ ውሰደው ብሏል በለው። ደግሞ፣ ያን ቀን ያልኩት ቃል፣ እህቱን የሚነካ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያልኩት፣ ይህንንም ንገርልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ይህን ቃል ባገኝ በእግሬ ስኔልቪል እሄድ ነበር። አሁን አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አልነግርልህም አልኩት። ራስህ ንገረው፣ እኔ አደርስሃለሁ። በሩን ባይከፍትልኝስ አለ። ባይከፍትልን እንመለሳለን አልኩ። ዘይነባ ከጓዳ ሆና የመኪናውን ቁልፍ አቀበለችኝ። አንተንም ይዤህ እየሄድኩ ነው ደብተሬ፣ እጄ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው።

ከሰዓት 8 ሰዓት። ስኔልቪል፣ መኪና ውስጥ

የሺ. በር ላይ የኪራይ ጭነት መኪና ቆሟል፣ ግማሹ ተሞልቷል። አ.ሐ. ብቻውን ወረደ። አብረኸኝ ና አለ፣ እምቢ አልኩ። አንኳኳ። ቆየ። ድጋሚ አንኳኳ።

ተከፈተ። ሺ. በካልሲ ነው። አይጨባበጡም።

አ.ሐ. እየተናገረ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል፣ ራሱን ዝቅ። ምን እንደሚል አይሰማኝም። እንዳይሰማኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ሺ. የበሩን እጀታ ይዟል፣ አይከፍትም፣ አይዘጋም።

አሁን ሺ. አንድ ነገር አለ። አጭር። አ.ሐ. ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የለመዱት እኔን በመሐላቸው ነው። በእጃቸው ይጠሩኛል። አልሄድም። የራሳቸውን ጨርሰው ሲበቃቸው እወርዳለሁ፤ የማደርሰው የማንም ቃል የለኝም፣ ለሺ. የምለው የራሴ አንድ ብቻ ነው። ማልኩልህ፣ አፈረስኩት። ይኸው ነው። አገሬ፣ አባቴ፣ ለበጎ ነው፣ ምኑም የለበትም።

አ.ሐ. ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሺ. ወረደ። በካልሲው፣ ሣሩን እያቋረጠ፣ ወደ መኪናው እየመጣ ነው። ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም። ደረሰ። መስኮቱን እያንኳኳ ነው። ልዘጋህ ነው ደብተሬ፣ እከፍትለታለሁ።