ሱፐርቻርጀር ሳማርጥ የከረምኩበት ምክንያት

ውድ ኦረን፣

መኪናችን ተሠርታ አለቀች። ሊማሶል ያለው ጋራዥህ ውስጥ ወንበር ፈልገህ ተቀመጥ፤ ብዙ የምነግርህ አለኝ።

ሽማግሌ የላክህ ቀን አያቴ አባ ማለደ ዘራችንን ቆጥረው በአምስተኛው ቤት አገናኙን። እስከ ሰባት ቤት ወንድምና እህት ነን፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። አንተ ተናደህ ቆጵሮስ ገባህ። «እዚህ ማዘጋጃ ቤት ያጋቡናል፣ ዘር የሚቆጥር የለም፤ ማዝዳዋ ስታልቅ መልስሽን ላኪልኝ» አልከኝ። እኔም እሺ ብዬ ሱፐርቻርጀር፣ ያን ሞተሩ ውስጥ አየር የሚገፋውን ዕቃ፣ ማማረጥ ጀመርኩ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ሲጨንቀኝ ሥራ አላጣም።

አንተ የምትወደው ሩትስ የሚባለው ዓይነት ገና ነዳጅ ሲረገጥ መልስ ይሰጣል። ጉዱ አየሩን ማሞቁ ነው፤ የሞቀ አየር ደግሞ ጉልበት ይበላል። የኔው ምርጫ፣ ሴንትሪፉጋል የሚሉት፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለም አይመስልም፤ ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር ግን ጉልበቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄዳል። ባለ መንታ ብሎኑ አየሩን እዚያው ውስጡ ጨምቆ ስለሚልከው ከታችም ከላይም ጎበዝ ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ትዝ ይልሃል፣ ክርያት አታ ጋራዡ ውስጥ ማዝዳዋን እየፈታን በዚህ ስንጨቃጨቅ? «አንቺ ሁሉን ነገር ታዘገያለሽ» ትለኛለህ፤ «አንተ ደግሞ ቶሎ ትግላለህ» እልሃለሁ። እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ክርክሩን ብቻዬን ቀጠልኩት። ዛሬ ሩትስ እላለሁ፣ በማግስቱ እተወዋለሁ። ከሥራ ስወጣ ክርያት ያም ባሕሩ ዳር እቀመጣለሁ። ጀምበር ስትጠልቅ ውሃው ይረጋና አስፋልት ይመስለኛል። ማዝዳዋን ቀስ አድርጌ አስገባታለሁ፣ ጎማዋ እንኳ ሳይርስ ወደ አንተ ትሄዳለች። ከዚያ አውቶቡሱ ይመጣና እነቃለሁ።

በመጨረሻ የጋራዡ ባለቤት ጋል ሰለቸው። «ኑ፣ አዲና፣ ክቫር፣ በቃ አሁን ወስኚ! ባል የምትመርጪ አስመሰልሽው እኮ!» አለኝ። ምን እንደተናገረ አያውቅም። ሩትሱን ገጠምኩ። አትኩራ፤ ለቀርሜሎስ ጠመዝማዛ ዳገት ከታች ጀምሮ የሚገፋ ስለሚያስፈልግ ነው። መሐንዲሱ አይቷት፣ የመንገድ ፈቃድ ምርመራውን፣ ቴስቱንም አልፋለች።

ሐሙስ ወደ ማታ አባ ማለደን ላንሸራሽርዎ ብዬ ወሰድኳቸው። ጣሪያዋን ከፍቼ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጣን። ዳገቱ ላይ ስረግጣት መቀመጫው ላይ ተለጠፉ።

«ኧረ ቀስ! ምንድን ነው የሚያፏጨው?»

«አየር ነው አባ። ከሞተሩ ትንሽ ጉልበት ወስዶ አብዝቶ የሚመልስ ዕቃ ገጥሜበት ነው።»

«ደግ ዕቃ ነው» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

አናት ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ከባሕሩ ጭጋግ ወጥቶ የወደቡን ክሬኖች እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር፤ ከከተማው መብራቱ ብቻ ቀርቶ ይንሳፈፋል። እንደ ሕልም ስለነበረ ይሆናል የደፈርኩት።

«አባ፣ ቆጠራው ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«አልተሳሳተም።»

«እኔ ወደ ኦረን ብሄድስ?»

«አልመርቅም ልጄ። ልመርቅ ብል አፌ እንቢ ይለኛል» አሉ። ቀጥለውም «አልረግምም ግን» አሉኝ።

«አንቱ ያልመረቁት ሠርግ ምን ሠርግ ይሆናል?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ።» ብርድ ነበርና የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። እንዲያ ሆነን ተቀመጥን።

ኦረን፣ እወድሃለሁ። አንተ የምርቃቱን ነገር ቶሎ ትረሳው ይሆናል፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሲከብደኝ ይኖራል። ከብዶኝም እመጣለሁ። ማዝዳዋን ለጋል አደራ ሰጥቻለሁ፣ የአውሮፕላን ትኬቴንም ቆርጫለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። በሠርጋችን ቀን ማንም ትልቅ ሰው ተነስቶ እንዳይመርቀን ለጓደኞችህ ንገራቸው። የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ዝም እንበል። ቦታው የአባ ማለደ ነው፤ ባዶውን ይቆይላቸው።

ያንተው አዲና
ክርያት ያም