ፌርማታዎቻችንን ላነሱልን የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሰርግ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ከአንገትዎ የማይለየው ወርቃማ ክራባትዎም በጤና እንዳላችሁ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ ባለፈው ቅዳሜ አዳራሽዎ ውስጥ የተዳረችው ልጅ አክስት ነኝ፤ ሙያዬ ልብስ ስፌት፣ አመሌ ደግሞ ዝም አለማለት ነው። የዋሉልን ውለታ በጓዳ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አገር ይስማው ብዬ ደብዳቤዬን በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የሙሽራዋ አባት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ያውም አንዱን መስመር ብቻ ሲመላለስበት የኖረ ሰው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የመርሳት በሽታ ይዞት የሰው ስም ከነመልኩ እየጠፋበት ነው። እኔን አንዳንድ ቀን እናታችን መስዬው ጉልበቴን ይስማል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መብራት ቆጣሪ ልታነብ የመጣች ሠራተኛ አድርጎኝ በትሕትና ቆጣሪውን ያሳየኛል። ፌርማታዎቹን ግን ዛሬም አንድ ሳያዛንፍ ይጠራቸዋል፦ ዳቦ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ፣ እንጨት መጋዘን፣ እያለ እስከ መጨረሻው።

ልጃችን ይህንን አየችና፣ ለጌጥ የሚተርፍ አቅም ስለሌላት ባላት ነገር ሰርጓን ልታስጌጥ ተነሣች። ጠረጴዛዎቹን ከበሩ እስከ ሙሽሮቹ መቀመጫ በአባቷ መስመር ደረደረቻቸው፤ በየአንዳንዳቸውም ላይ ከካርቶን ቆርጣ በእጇ የጻፈችውን የፌርማታ ሰሌዳ አቆመች። የድሮ ጎረቤቶቻችን ዳቦ ቤት፣ ነርሷ እህታችን ከነጓደኞቿ ጤና ጣቢያ፣ የሙሽራው ዘመዶች እንጨት መጋዘን ተመደቡ። የጥሪ ወረቀቱ በትኬት ልክ ተቆርጦ የየእንግዳው ፌርማታ ተጻፈበት። የአበባ ማስቀመጫው ባዶ የቲማቲም ጣሳ ሲሆን፣ እኔ ከወንድሜ አሮጌ የሹፌር ሸሚዞች ሰማያዊ ልብስ ሰፍቼ አለበስኩት፤ ኪሱን እንኳ አልፈታሁትም፣ ለሹካና ለቢላ ሆነ። ሐሳቧ አባቷ ማንንም ስም ሳይጠየቅ፣ ሳይሸማቀቅ፣ ከፌርማታ ፌርማታ ሰው ሰላም እያለ በገዛ እግሩ እሷ ጋ እንዲደርስ ነበር። በእልፍ ሰው ፊት እንዳይጠፋባት ነበር፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ዓርብ ከሰዓት ሁሉን አሰናድተን እየሣቅን ወጣን። ቅዳሜ ስንመለስ እርስዎ ሁሉን አስተካክለውልን ጠበቁን።

እንግዲህ ቁጥር እንደሚወዱ ስላየሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ሰሌዳዎቻችንን ከጠረጴዛ ላይ ለቅመው መጋዘን ስላስገቡልን እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ካርቶን የአዳራሹን ደረጃ ዝቅ እንደሚያደርግ አላወቅንም ነበር። የጣሪያው ቀለም እንደ አሮጌ ግድግዳ ወረቀት እየተላጠ እንግዳ ሳህን ውስጥ ሲወርድ ግን ደረጃው ከፍ እንደሚል ተምረናል።

፪ኛ/ በሰሌዳዎቹ ፈንታ ስላቆሙልን ወርቃማ ቁጥሮች። አንድ ቁጥርን ከሙሽሮቹ መድረክ ሥር፣ የመጨረሻውን ከበሩ ማድረግዎ ደግሞ የተለየ ጥበብ ነው። ሠላሳ ዓመት ወደፊት የነዳን ሰው በስተርጅና የኋላ ማርሽ ማስገባት ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ይታሰበዋል?

፫ኛ/ ጣሳዎቻችንን አንሥተው ስላስቀመጡልን የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ከእኔ ይልቅ ብዙ ሰርግ የበላ አበባ መሆኑን ከአቧራው ተረድቻለሁ።

፬ኛ/ ሰሌዳዎቹ እንዲመለሱ ስለምንዎ፣ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ምሳ ወጥቷል ስላሉኝ። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ነበር። እንዲህ ማልዶ ምሳ የሚበላ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት እንዴት ያለ የጠገበ ቤት ነው! ልሳደብ ከጅሎኝ ነበር፤ ግን ሰርግ ነውና እልል አልኩ።

፭ኛውን ለማመስገን የሆነውን መንገር አለብኝ። ወንድሜ በአዲሱ ኮቱ በሩ ላይ ደረሰ፤ አዳራሹን አየ፤ ቁጥሮቹን አየ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። መሄጃው ጠፋበት። ወደ እኔ ዞሮም «ይቅርታ እመቤቴ፣ የተሳሳተ ቤት ገባሁ መሰለኝ» አለኝ። እግዜር ያሳይዎ፣ በገዛ ልጁ ሰርግ ላይ! ያኔ አብሮት ሃያ ዓመት ትኬት የቆረጠው፣ እኛ ፉጨት የምንለው ሰውዬ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በዚያ በታወቀ ድምፁ፦ «ዳቦ ቤት! ዳቦ ቤት ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቶቻችን ገብቷቸው በአንድ አፍ «አለ!» አሉ። ወንድሜ ቀና አለ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ ሄዶም ሁሉንም ጨበጣቸው። ጤና ጣቢያ ተጠራ፤ ነርሶቹ «አለ!» አሉ። ድልድይ፣ እንጨት መጋዘን፣ እያለ አዳራሹ በሙሉ አውቶቡስ ሆነ። የሙሽራው አጎት የተሰጠውን ፌርማታ ረስቶ ሁለት ቦታ ወረደ፤ ማንም አልተቆጣውም።

እርስዎ በዚህ መካከል ጥበቃዎን ልከው ጩኸት ክልክል መሆኑን ስላስታወሱን ነው ፭ኛው ምስጋናዬ። ጥበቃው ግን መልእክቱን ሳያደርስ ድልድይ ላይ ተቀምጦ ሲበላ አይቼዋለሁ፤ እባክዎ እንዳይቀጡት፣ ተሳፋሪ ነበር።

ታዲያ ወንድሜ ልጁ ፊት ደረሰ። ትክ ብሎ አያት። አላወቃትም፤ ልደብቅዎ አልችልም፣ አላወቃትም። ጎንበስ ብሎ፣ ለተሳፋሪ በሚናገርበት በዚያ ደግ ድምፁ፣ የት እንደምትወርድ ጠየቃት። እሷም እጁን ይዛ «እስከ መጨረሻው ነኝ አባዬ» አለችው። እሱም በጣም ጥሩ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም አልተነሣም። እኔ ያን ጊዜ የፕላስቲክ አበባዎን ተከልዬ አለቀስኩ፤ ለዚያ እንኳ ጠቅሞኛል፣ አመሰግናለሁ።

ሰሌዳዎቹ እስከ ዛሬ መጋዘንዎ ውስጥ ናቸው። የቁልፉ ባለቤት ምሳውን ሲጨርስ ይላኩልን፤ ከወንድሜ መኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ ልጁ አዲስ ቤት የምንዘረጋው መስመር አለን።

ለከበረው መሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጣሪያዎም ቀለምን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የሙሽራዋ አክስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ የዚያን ቀን ካያቸው ሰዎች ሁሉ በማግስቱ ያስታወሰው እርስዎን ብቻ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት። ቁርሱን እየበላ፣ ያ ክራባት ያሰረው ሰውዬ አይሳፈርም፣ አይወርድም፣ በር ላይ ቆሞ ሰው ያስቸግራል፤ ነገ ካየሁት ቆሜ አልጠብቀውም ብሎኛል።