ሙቀት ለቺንቺላ ምን እንደሆነ አሳምረው ለሚያውቁት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ ዶን ኖልቤርቶ ባራሳ
የላስ ሂጌራስ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኦቫዬ

ክቡር ሊቀመንበርና ውድ አበልጄ ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ከቁርጥማት፣ ደምዎን ከግፊት፣ ቤትዎን ከሙቀት እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ከሙቀት። ለእኛ የበጋው አናት በሆነው በዚህ በታኅሣሥ ወር ፀሐይዋ ሸለቆውን አቃጥላ ስትጨርስ ወደ ሕንፃችን እንደምትዞር ሁላችንም እናውቃለን፤ የእርስዎ ሳሎን ግን ጥላ ባለበት በደቡቡ በኩል ስለሆነ፣ በእርጋታ ተቀምጠው ትእዛዝ ለመጻፍ እጅግ ተስማሚ ነው።

እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው ልብስ ሰፊዋ ኤደልሚራ ኦሊቫሬስ ነኝ። ልጄን ኖኤሚን ክርስትና ያነሱልኝ እርስዎ ስለሆኑ ራሴን ማስተዋወቅ ባላስፈለገኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ማክሰኞ በስብሰባው ላይ «የአራት መቶ ሁለት ቁጥር ነዋሪ» ብለው ስለጠሩኝ ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎት እንደሆነ ብዬ ነው። ደብዳቤውን በግልጽ የምጽፈውም ከእርስዎ ተምሬ ነው፤ እርስዎም ትእዛዝዎን የሚለጥፉት ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ነውና። ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስጦታዎ አመሰግናለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ላይኛው ሸለቆ ቺንቺላዎችን ለለስላሳ ፀጉራም ቆዳቸው የሚያረቡበትን እርባታዎን ሲዘጉ፣ አመድማ ቀለም ያላትን አንዲት ጫጩት የምታክል ፍጥረት በጫማ ካርቶን ይዘው ቤቴ መጡ። ኖኤሚ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። «አበልጄ፣ ይቺ ወገቧ ላይ ጠባሳ ስላለባት ቆዳዋን የሚገዛኝ የለም፤ ለልጅቷ ትሁናት» አሉኝ። «ውሃ እንዳታስነኳት፤ ገላዋን የምትታጠበው በአመድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከሙቀት አደራ! አደራ ነው የምልሽ!» ኖኤሚ ስሟን ሴኒሳ አለቻት፤ አመድ ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አደራውን ጠብቀናል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ መጀመሪያ የምታየው ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን የሙቀት መለኪያ ነበር። የአየር ማቀዝቀዣውን የገዛሁት ሁለት ክረምት የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ነው፤ እኔ ራሴ ላቤን በመሀረብ እየጠረግሁ፣ ማቀዝቀዣው የተተከለው በሴኒሳ ክፍል ነበር። አልቆጨኝም። ዛሬም አይቆጨኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕውቀትዎ አመሰግናለሁ። በዚህ ከተማ ስለዚህች እንስሳ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም። አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ከእኛ ጋር ሻይና አቮካዶ የተቀባ ዳቦ ቀርቦልዎት ሳለ፣ በአንድ የየካቲት ቀን እርባታው ውስጥ መብራት ጠፍቶ የሆነውን የነገሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? «አርባ ሁለት ናቸው፣ አበልጄ። ጠዋት ይዘሉ የነበሩት ከሰዓት በኋላ በጎናቸው ተኝተው፣ ጆሯቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ አገኘኋቸው» ብለው ዳቦውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። እንባዎን አይቻለሁ። ኖኤሚም አይታለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ «የክርስትና አባቴ ለእንስሳ የሚያለቅስ ሰው ነው» እያለች ለጓደኞቿ ታወራልዎት ነበር።

ሦስተኛ፣ የሦስተኛ ፎቋን የዶኛ ኢልዴጋርዳን አቤቱታ በትጋት ስለተቀበሉ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን አልክድም፤ አንድ ቀን የሴኒሳን የመታጠቢያ አመድ በረንዳ ላይ ሳራግፍ ነፋሱ ወስዶ የታጠበ አንሶላቸው ላይ በትኖታል። ይቅርታ ጠይቄ አንሶላውን በእጄ አጥቤ፣ ተኩሼ መልሻለሁ። እሳቸው ግን «እኔ ከአይጥ ጋር አንድ ደረጃ አልወጣም!» ብለው ከሰሱኝ። እኚሁ ሴት ሐምሌ ሲገባ፣ ብርዱ ሲመጣ፣ ከእርስዎ እርባታ የገዙትን የቺንቺላ ቆዳ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ቅዳሴ ይሄዳሉ። ሞታ አንገት ላይ ስትሆን ቺንቺላ፣ በሕይወት ከራሳቸው በላይ ስትኖር አይጥ መሆኗ ነው። በመጋቢት የኮሚቴ ምርጫ እንዳለና ሦስተኛ ፎቅ በሙሉ በዶኛ ኢልዴጋርዳ ቃል እንደሚያድር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባለፈው ምርጫ ለእርስዎ በር እያንኳኳሁ የዞርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ድምፅ ሌላ ቦታም ይገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ ፋርማሲስቱ ዶን ኡሊሴስ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ተነስተው ቁርጡን ጠየቁዎት። «ዶን ኖልቤርቶ፣ እርስዎ አርብተዋቸዋል። ማቀዝቀዣው ከተነሳ እንስሳዋ ትሞታለች ወይስ አትሞትም?» እኔ ጥያቄውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በቃ፣ አሁን ይናገራሉ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ቦርሳዬን እንኳ አንስቼ ነበር። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉና «እንስሳ አይደለች እንዴ? ትለምደዋለች» አሉ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው አርባ ሁለቱንም ካዱ። ከዚያ በኋላ እጅ ያወጡትን ጎረቤቶቼን አልቀየምም፤ የሚያውቀው ሰው አትሞትም ካላቸው ምን ያድርጉ? ማቀዝቀዣው የሕንፃውን መልክ ያበላሻል፣ ድምፁም ይረብሻል ተብሎ በአምስት ቀን ውስጥ እንዳነሳ ተወሰነብኝ። ያንኑ ሌሊት ሸለቆው ውስጥ ላለችው እህቴ ደውዬ፣ ቅዳሜ ሴኒሳን ወደ እሷ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ልወስዳት ተስማማን። አምስቱ ቀን ይበቃኝ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ። ትናንት ዓርብ፣ በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ስፌት ቤት፣ ኖኤሚ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ሁለት ሠራተኞች ይዘው መጡ። በሩን መስበር አላስፈለገዎትም። ልጅቷ ድንገት ብትታመም፣ ጋዝ ቢያፈስ፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን ብዬ መለዋወጫ ቁልፌን የሰጠሁት ለአበልጄ ነበር። ዶን ኡሊሴስ ከፊት ለፊት ካለው በራቸው ብቅ ብለው «ባለቤቷ ታውቃለች?» ቢሉዎት «የኮሚቴ ውሳኔ ነው» ብለው አለፉ። ማቀዝቀዣው የወጣበትን ቀዳዳ በላስቲክ አሽገዋል፤ መስኮቱን ዘግተዋል፤ ፀሐዩን የሚከልለውን መጋረጃ ግን ሳይመልሱ ሄደዋል። ሠራተኞቹ ወለሉን ስለጠረጉልኝ አመሰግናለሁ።

ኖኤሚ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ስትገባ መለኪያው ሠላሳ አራት ይል ነበር። ደውላ የነገረችኝ ቁጥሩን ብቻ ነው። እየሮጥኩ ስደርስ ሴኒሳን ወጥ ቤት፣ ሸክላው ወለል ላይ አስተኝታ፣ በበረዶ ጠርሙስ ከብባ፣ ከደረቅ የጽጌረዳ ፍሬ አንዱን አፏ ላይ ይዛላታለች። ያን ፍሬ ትወደው ነበር። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። እንዴት እንደሚቀላ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ይገልጹታል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ለሌላ ሰው ስተርት ኖሬያለሁ፤ እኔን መጣሉ ግን ያን ያህል አይደለም፣ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እነሳለሁ። ዶኛ ኢልዴጋርዳ ጠላቴ ናቸው፤ ከእሳቸው የሚመጣውን ቆሜ እጠብቃለሁ። ከእርስዎ የሚመጣውን ግን ተቀምጬ ሻይ እየቀዳሁ ነበር የምጠብቀው። አያውቁም ቢሆን ኖሮ ይቅር እልዎት ነበር። እያወቁ ነው ያደረጉት፤ ልቤን የሰበረውም ይኸው ነው።

ለኮሚቴው ረጅም ዘመን፣ ለመጋቢቱ ምርጫ ሙሉ ድምፅ፣ ለሕንፃው ፊት ለፊት ገጽታ ዘላለማዊ ውበት እየተመኘሁ፣ ከወለሉ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ኤደልሚራ ኦሊቫሬስ
እስከ ትናንት ዓርብ ቀትር ድረስ አበልጅዎ

ማስታወሻ፦ ይህን አንዱን ቅጂ ዛሬ ቅዳሜ በበርዎ ሥር አስገባለሁ፤ ሌላው ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ኖኤሚም እንደማንኛውም ሰው በዚያ በኩል ታልፋለች። በሩን ማን እንደከፈተ እስካሁን አልነገርኳትም። ከወረቀት ከምታነበው ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ እሑድን በሙሉ ትቼልዎታለሁ። ሲመጡ አይደናገጡ፤ በደስታ ነው የምትቀበልዎት። ከትናንት ጀምሮ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማዬ፣ የክርስትና አባቴ እዚህ ቢሆን ኖሮ ያድናት ነበር።»