ፐርቹማ ያለችኝ ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናቡ ሲገባ ጉልበትዎን ያምዎት ነበር፤ ዘንድሮስ ማረዎት? እኔ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ሩዙን ዛሬም ለሁለት ሰው እየቀቀልኩ ይተርፈኛል።

ልጅዎ ዋሉዮ ያረፈ ጊዜ «ሐኪሞቹ አይድንም አሉ» ብዬ ጽፌልዎት ነበር። አልዋሸሁም፤ የሰማሁት እንደዚያ ነው። አሁን የማወጣውን ግን ከእርስዎ ደብቄ መኖር አልቻልኩም።

ሐኪሞች የምንሠራበት የዘይት ዘንባባ እርሻ ድረስ የመጡ ዕለት እሱን ሳሉ አላስቆም ስላለው ውጭ ተቀመጠ። የአክታውን ውጤት ልቀበል የገባሁት እኔ ነኝ። ነርሷ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ነገረችኝ። ፓስፖርቱን ይዞ ከተማ ሆስፒታል ይመዝገብ፣ ስድስት ወር መድኃኒት ይውሰድ አለችና ፈገግ ብላ «ፐርቹማ ነው» አለችኝ። በእኛ በጃቫዎቹ ዘንድ ይህ ቃል «ልፋ ቢልህ ነው» ማለት አይደል? ቢውጠውም ለከንቱ ነው ያለችኝ መሰለኝ። ማሌዥያ ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ ነበር።

እያለቀስኩ ወጥቼ ነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝና «እንዲያ ካለችማ ምን እንለፋለን? ነይ፣ እንሂድ» አለኝ። አራት ወር ፍሬ ሲቆርጥ ቆየ። የማጭዱን ዘንግ ማንሳት ሲያቅተው ተኛ፤ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አረፈ።

ትናንት ሮስናህ የምትባል ጎረቤታችን፣ የዚሁ አገር ሰው ናት፣ የሙዝ ጥብስ አመጣችልኝ። ዋጋውን ብጠይቃት «ፐርቹማ ነው!» አለች። «ምነው፣ አይበላም እንዴ?» ብላት በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ደግሞ! በነጻ ነው እኮ የምልሽ!»



ሳህኑን አስቀምጬ ነርሷ ያለችኝን ስነግራት አብራኝ አለቀሰች። ቆይታ «ባልሽስ? እሱም አልገባውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

እማዬ፣ ዋሉዮ እኔን ሳያስመጣኝ በፊት ሰባት ዓመት እዚህ ኖሯል። ከሮስናህ ጋር ሲቀልድ አነጋገሩ እንደ አገሬው ነበር። የፓስፖርቱ ጊዜ ግን ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ እኔንም ያስመጣኝ ያለ ወረቀት በጀልባ ነው፤ ሆስፒታል ቢሄድ ሁለታችንም እንያዝ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም። የወለዱት እርስዎ ነዎት፤ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ቢረግሙኝም እቀበላለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሌላ መርዶ አያሰማዎት። «ልጅዎ» ብዬ ልፈርም ብዕሬን አነሳሁና አፈርኩ።

ምራትዎ